ስለ ስስ የጥርስ ልባስ ጥቅምና ጉዳት

ጥርስን ማስዋብ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱ የነበረው የጥርሳቸው ንጣት ጎልቶ እንዲታይ ነው፤ ባለጠጋውም የወርቅ ጥርስ ሲያስተክል ጌጡንም ክብሩንም አስቦ ነው። ዛሬ ደግሞ ከፖርሴሌን የሚሠራው፣ ቬኒር የሚባለው ስስ የጥርስ ልባስ በአዲስ አበባ ይሠራል፤ ስለዚሁ ሲሉ እስከ ኢስታንቡል የሚሻገሩም አሉ። በመሐል ሜዳና በአዲስ አበባ መካከል የሚነግዱት አሠሪዬ ስለዚህ ሥራ የቀረበላቸውን የዋጋ ማቅረቢያ መርምሬ እንዳስረዳቸው ስላዘዙኝ፣ የተረዳሁትን ለነጋዴ ወገኖቼም ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የነገሩ አጀማመር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ቻርልስ ፒንከስ የተባለ የካሊፎርኒያ ጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋንያን በጊዜያዊነት የሚለጠፍ የጥርስ ሽፋን ሠራ። ሽፋኑ ጸንቶ የሚቆይበት ዘዴ የተገኘው ግን ቆይቶ ነው፤ ይኸውም በ1955 የጥርስን ገጽ በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፖርሴሌኑንም እንዲሁ አሻክሮ ማያያዝ ከታወቀ ወዲህ ነው። ዛሬ እጅግ ስስ የሚባለው ልባስ ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ልባሱ ስስ በመሆኑ ጥርሱ ጥቂት ብቻ ይሞረዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ አይሞረድም። ማደንዘዣ መርፌ የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ፖርሴሌን የቡናና የሻይ ቀለም በቀላሉ አይዘውም፤ በጥሩ እጅ የተሠራና በሚገባ የተያዘ ልባስም ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ጫፉ ለተሰበረ፣ መካከሉ ለተፈነቀጠ ወይም ቅርጹ ላነሰ ጥርስ መልካም መፍትሔ ነው።

ጉዳቱም መመዘን አለበት። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኗል። ልባሱን ከማንም ይልቅ የሚሹት እነዚህ ናቸው፤ ነገር ግን እጅግ ስስ የሆነው ልባስ ጥቁረቱን አሳልፎ ስለሚያሳይ ለእነርሱ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሳይሞረድ የሚለጠፈው ደግሞ ጥርሱን ያወፍራል፤ ጠርዙ በድዱ አጠገብ ቆሻሻ ከያዘ ድድ ይቈጣል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ፣ ጠርሙስ በጥርሱ የሚከፍት ወይም ጠንካራ ቆሎ በፊት ጥርሱ የሚቆረጥም ሰው ልባሱን ሊሰብረው ይችላል። ዘመኑ ሲያልፍም ይለወጣል፤ ስለዚህ ወጪው የአንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የመሞረዱ ነገር ነው። በእኛ በመንዝ የጓሳ ሣር የሚታጨድበት ሥርዓት ነበረው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደ ኖረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግቶ ካቆየ በኋላ ለአጨዳ ይከፍተው ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ዛሬም ጓሳውን በጋራ ይጠብቃል። ሣሩ ታጭዶ ተመልሶ ይበቅላል፤ ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ክፍል ግን ሕያው ሕዋስ ስለሌለው አንድ ጊዜ ከተሞረደ አይተካም። ልባሱም አጥብቆ የሚይዘው ኢናሜሉን ነው። ተመልሶ ለሚበቅለው ሣር ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ ለማይበቅለው እንዴት አይጠነቀቅ?

ስለዚህ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ። የእንግሊዝ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄዱ ዜጎቹን እንዳስጠነቀቀው፣ ልባስ ነው ተብሎ ክራውን የተባለው ሙሉ የጥርስ ቆብ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ለዚህም ከሚታየው የጥርስ አካል ከግማሽ በላይ ሊሞረድ ይችላል። ሰነዱ የሚሞረደውን መጠን በሚሊሜትር፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ልባሱ ቢሰበር ወይም ቢወልቅ ማን በማን ወጪ እንደሚያድሰው በጽሑፍ ያስፍር። ባሕር ማዶ የተሠራውን ለማስጠገን የአውሮፕላን ዋጋ እንደገና መክፈል እንዳለም ይታሰብ።

በእኔ አስተያየት፣ ጥርሱ የተሰበረ ወይም የተጎዳ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ቢያሠራ ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም። ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ ንጣት ብቻ የጎደለው ግን አስቀድሞ ያሳጥበው፤ ካልበቃውም የማንጫ መድኃኒት ይሞክር። ከዚያ አልፎ ደኅና ጥርሱን ማስሞረድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። ለአሠሪዬም ያቀረብሁት አስተያየት ይኸው ነው።