ለመንዳት ወይስ ለማስቀመጥ?

ባለፈው ወር ከእንግሊዝ አገር፣ ከኖቲንግሃም ከተማ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው የአጎቴ የበኵር ልጅ ናቸው። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡኝ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» እያልሁ ነው የምጠራቸው። በዚያች ከተማ አውቶቡስ እየነዱ መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው።

«አንተ ኮሌጅ ገብተህ ሒሳብ የተማርህ፣ አሁንም የምታስተምር ስለ ሆንህ አንድ ነገር አስላልኝ። አንድ ጎረቤቴ በ1968 የተሠራ ትራያምፍ ቦንቪል ሞተር ቢሲክሌት በ8,000 ፓውንድ ሊሸጥልኝ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምትገባው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ለትምህርቷ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በዚህ ላይ ባውለው እስከዚያ ድረስ እጥፍ ይሆናል ይሉኛል። ገዝቼ ሸፍኜ ላስቀምጠው ወይስ ይቅርብኝ? እውነቱን ለመናገር ግን አልፎ አልፎ ልነዳውም እወዳለሁ።»

መልሱን ለእርሳቸው ብቻ ከምጽፈው በዚህ ገጽ ብናገረው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ምክንያቱም ከወር ደመወዙ ጥቂት የሚቈጥብ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ «ይህን ዕቃ ግዛና አስቀምጥ፤ ነገ ወርቅ ይሆናል» የሚለው ሰው አያጣም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሰዎችን የሚያስጐመጀውን ወሬ እንመልከት። በዚያችው በኖቲንግሃም ከተማ ጆርጅ ብራፍ የተባለ ሰው ከ1919 እስከ 1940 ድረስ ብራፍ ሱፒርየር የሚባሉ ሞተር ቢሲክሌቶች ይሠራ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ የሠራው 3,000 ያህል ብቻ ነው። ኤስ ኤስ 100 የተባለው ዓይነት በሰዓት 100 ማይል፣ ማለት 160 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሮጥ ዋስትና ይሰጥበት ነበር። «የዐረቢያው ሎረንስ» እየተባለ የሚጠራው የጦር መኰንን ሰባት ብራፍ ሞተሮች ነበሩት፤ በ1935 የሞተውም በዚሁ ሞተር ላይ ሳለ ወድቆ ነው። በ2016 ደግሞ በገጠር ጎተራ ውስጥ ተፈታተው፣ አቧራ ለብሰው ከኖሩት ስምንት ብራፎች አንዱ በሐራጅ 331,900 ፓውንድ አወጣ። በ2018 በአሜሪካ አገር አንድ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ በ929,000 ዶላር ተሸጠ።

ይህን የሰማ ሰው የጎረቤቱን አሮጌ ሞተር በሌላ ዓይን ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልብ እንበል። 331,900 ፓውንድ ያወጣው ሞተር ከዓይነቱ ዐሥር ያህል ብቻ ነበር የተሠራው። ብላክ ላይትኒንግም ቢሆን ለውድድር ተብለው ከተሠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጋሼ ሊገዙት የሚያስቡት ቦንቪል ግን በ1959 ለገበያ ከወጣ ጀምሮ በብዙ ሺሕ እየተሠራ በዓለም ሁሉ የተሸጠ ነው። ጥሩነቱ አያጠያይቅም፤ ብርቅነቱ ግን ያጠያይቃል። ደግሞም ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ ተአምረኛው ሽያጭ ነው እንጂ በገዛበት ዋጋ ስለ ሸጠው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የዋጋው ምንጭ ነው። አሮጌ ሞተር እንደ እርሻ እህል አያፈራም፤ እንደ ቤት ኪራይ አያስገባም። ዋጋው የሚቆመው በሰው ትዝታ ላይ ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝ አገር ከ1971 መጨረሻ ጀምሮ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከ50 ሲሲ የበለጠ ሞተር እንዳይነዳ ተከለከለ። ያማሃም ኤፍ ኤስ 1 ኢ የምትባል፣ ለሕጉ ሲባል ፔዳል የተገጠመላት ትንሽ ሞተር ለወጣቶቹ አቀረበ። ዛሬ እነዚያ ልጆች ሽማግሌዎች ሆነዋል፤ ገንዘብም ይዘዋል፤ ያችን ትንሽ ሞተር ድሮ ከተሸጠችበት በብዙ እጥፍ ይገዟታል። የሚገዙት ብረቱን ሳይሆን ዐሥራ ስድስተኛ ዓመታቸውን ነው። እንግዲህ ያ ትውልድ ያለፈ ዕለት፣ ትዝታው የሌለው ልጅ ያንኑ ዋጋ ይከፍላልን? ለዚህ ዋስ የሚሆን የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የሞተሩ ዋጋ በየዓመቱ 3 በመቶ ይጨምራል እንበል። 8,000 ፓውንድ በስድስት ዓመት 9,550 ያህል ይሆናል። ለመድን፣ ለማስቀመጫና ለእድሳት በዓመት 250 ፓውንድ ቢወጣ፣ በስድስት ዓመት 1,500 ነው። ሲሸጥ ደግሞ አሻሻጩ ከመቶ ዐሥር ቢወስድ፣ 955 ይሄዳል። የሚቀረው 7,095 ፓውንድ ነው። ዋጋው ጨምሮ ሳለ ገንዘቡ ቀነሰ ማለት ነው! ያው 8,000 ፓውንድ 3 በመቶ በሚከፍል ባንክ ቢቀመጥ ግን 9,550ው ሙሉውን ይገኛል፤ ዘይትም አያንጠባጥብም። ቍጥሮቹን የገመትኋቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ የራሱን ቍጥር አስገብቶ ሊሞክር ይችላል።

ሦስተኛው ነገር፣ ሰብሳቢና ነጂ የሚፈልጉት የተለያየ መሆኑ ነው። ሰብሳቢው የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር ከፋብሪካ እንደ ወጣ አንድ እንዲሆን፣ ቀለሙም እንዳይነካ ይፈልጋል። ቍጥሩ ካልገጠመ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ሊብሬውን ከብረቱ ጋር ሳያመሳክር የሚገዛ ሰው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ይደርስበታል። ነጂው በአንጻሩ የተሻለ ፍሬን፣ የተሻለ መብራት መግጠም ይሻል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ እየገጠሙ «ትራይተን» የሚሉትን ሲሠሩ፣ ያሰቡት ስለ መንገዱ ነበር እንጂ ስለ ሐራጁ አልነበረም።

«አይነዳም፤ ተሸፍኖ ይቀመጥ» ቢባልስ? የቆመ ሞተርም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጎማው ይሰነጣጠቃል፤ ቤንዚኑ ተበላሽቶ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ አልኮል ስላለበት ለአሮጌ ላስቲክ ጠላት ነው። የማይነዱትን ሞተር እየጠበቁ መኖር፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ነው።

ለመንዳት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ይገጥመዋል። ለታወቁት ሞተሮች መለዋወጫ ዛሬም ይሠራል። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈው የመንገድ ግብር አይከፈልበትም። ዋጋውም ቢሆን ብልህ ነጂን ይረዳዋል፤ ለምሳሌ ከ1971 ወዲህ የተሠራው፣ ዘይቱን በሻንሲው ውስጥ የሚይዘው ቦንቪል በሰብሳቢዎች ዘንድ እምብዛም ስለማይወደድ ከ1968ቱ ረክሶ ይገኛል፤ መንገድ ላይ ግን ያስደስታል። የድሮ ፍሬን እንደ ዛሬው እንደማይዝ ግን መርሳት አይገባም። ሎረንስን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት አጥንቶ፣ የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች የራስ ቍር እንዲያደርጉ ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ ለጋሼ የጻፍሁላቸው ምክር በአጭሩ ይህ ነበር። «የልጅዎን ገንዘብ አይንኩ፤ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብዎ። ልብዎ ከወደደ ግን፣ ቢጠፋ በማያስለቅስዎ ገንዘብ ትንሹን ገዝተው ይንዱ።»

ሦስት ሳምንት መልስ ሳያገኝ ቀረ። ቅር አሰኘኋቸው ብዬ ተጨነቅሁ፤ ታናሽ ታላቁን ሲመክር ደስ አይልምና። ትናንት መልሱ መጣ። የልጃቸው ገንዘብ በባንክ እንዳለ ነው። በትርፍ ሰዓት ሥራ ባገኙት ብር ደግሞ ቢ ኤስ ኤ ባንታም ገዝተዋል። ባንታም ከ1948 ጀምሮ የተሠራች፣ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ቴሌግራም የሚያደርሱ ልጆች ቀይ ቀለም ተቀብታ የሚነዷት ትሑት ሞተር ነች። «እጥፍ እንደማትሆን ዐውቃለሁ» ይላሉ ጋሼ፤ «እሑድ እሑድ ግን እኔ ስይዝላት ልጄ ካርቡራተሩን ፈትታ ታጸዳለች። መጀመሪያ ጊዜ ስታስነሣት የጮኸችውን ጩኸት ብትሰማ ኖሮ፣ ያን ሒሳብህን ትተወው ነበር።»

ሒሳቡን አልተውሁም። ነገር ግን ይህን በየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው እስካሁን እያሰብሁ ነው።