ውሻችሁን አታወፍሩት

«ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለውን ማስታወቂያ አዲስ አበባ ውስጥ በር ላይ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለንም። ማስታወቂያው የማይናገረው፣ አንዳንዱ ኃይለኛ ከበሩ ጀርባ እያነከሰ መሆኑን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለር ወይም ላብራዶር ካለ፣ እስቲ ነገ ጠዋት ሲነሳ ልብ ብላችሁ እዩት። የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን እየጎተተ ነው የሚነሳው? ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሳል? ደረጃ ሲያይ ያመነታል? ባለቤቱ ይህን አይቶ «አርጅቷል» ይላል። ዘበኛው (ሰውየውን ማለታችን ነው) «ሰንፏል» ይላል። እኛ ግን አሞታል ነው የምንለው። ውሻ ስላልጮኸ አላመመውም ማለት አይደለም። እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ የፈራ ፍጡር ሌላ ምን ብሎ ይናገር?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው፤ ዳሌው ላይ ደግሞ ኳሱ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። በትልልቅ ዝርያዎች ሁለቱ ልክክ ሳይሉ የሚያድጉበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ሐኪሞች ሂፕ ዲስፕሌዥያ ይሉታል። ኳሱ ቦታው ላይ ይላወሳል፣ አጥንቱን የሸፈነው ልም አጥንት ይፈገፈጋል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል። ችግሩ ከአባትና ከእናት ይወረሳል። ውርስ ግን ሁሉን አይወስንም። ከቀረው ብዙውን የምንወስነው እኛ ነን፣ ያውም በሳህን።

አዎ፣ በሳህን! በእኛ ዘንድ የወፈረ ውሻ የጌታው ክብር ነው። ቀጭን ውሻ ያለው ሰው ስስታም ተብሎ ይታማል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ስለሚባል ይሁን እንጃ፣ ምግቡን እንደ ደመወዝ ነው የምናየው፤ በርከት ካለ በርትቶ የሚጠብቅ ይመስለናል። ፆም ሲገባ አብሮን ይፆማል፣ የፋሲካ ለት ደግሞ የሃምሳ አምስቱ ቀን ሒሳብ በአንዴ ይከፈለዋል።

አሜሪካ ውስጥ የፑሪና የእንስሳት ምግብ ኩባንያ ተመራማሪዎች 48 የላብራዶር ቡችሎችን በጥንድ በጥንድ ከፍለው ዕድሜ ልካቸውን ተከታትለዋል። ከየጥንዱ አንዱ ጓደኛው ከሚበላው በ25 በመቶ ያነሰ ይሰጠው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። ጥቂት ከበሉት ግማሾቹ 13 ዓመት ሲሞላቸው በሕይወት ነበሩ፤ ብዙ ከበሉት ግን ግማሾቹ 11 ዓመት ከጥቂት ወራት ላይ ሞተው ነበር። ለመገጣጠሚያ ሕመም የዘወትር ሕክምና ያስፈለጋቸውም ሦስት ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። እንግዲህ ምግብ የሚሸጥ ኩባንያ ራሱ «ቀንሱ» ካለን ምን እንጠብቃለን?

የጎድን አጥንቱን ዳስሱት። ሳትጫኑ ከተቆጠረላችሁ ደህና ነው፤ ካልተገኘ ግን ያ ሁሉ ትርፍ በታመመው ዳሌ ላይ ነው የተጫነው። ቅባቱንና ትራፊውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም።

ለቡችላ ደግሞ «አጥንቱ እንዲጠነክር» ተብሎ የካልሲየም ዱቄት የሚበተንበት ልማድ አለ። ተዉት! በኔዘርላንድስ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ግሬት ዴን ቡችሎችን ካልሲየም አብዝተው ሲመግቧቸው፣ አጥንታቸው ከመጠንከር ይልቅ አስተዳደጉ ተዛባ። ትንሽ ቡችላ ትርፉን ካልሲየም «በቃኝ» ብሎ የሚመልስበት አቅም ገና የለውም። በትክክል የተዘጋጀ የቡችላ ምግብ ከተገኘ ሌላ መጨመር አያስፈልግም።

ሰንሰለቱስ? ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ እንዲሮጥ የሚለቀቅ ውሻ ዳሌውን የሚደግፈው ጡንቻ ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ ከሦስት ወር በታች ሳሉ ደረጃ የወጡና የወረዱ የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ለዳሌው ችግር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን፣ ለስላሳ መሬት ላይ እንደልባቸው የተንቀሳቀሱት ደግሞ ያነሰ መጋለጣቸውን አሳይቷል። ለሚያነክሰው አዋቂ ውሻ በየቀኑ አጫጭር የእግር ጉዞ በሳምንት አንዴ ከሚሮጠው ረጅም ሩጫ ይሻለዋል። ለክረምቱ ብርድ ደግሞ አሮጌ ፍራሽ አይጠፋም መቼም።

አሁን ወደሚያናድደን እንምጣ። ውሻው ሲያነክስ ከቤት መሳቢያ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ተፈልጎ በሥጋ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሰጪው ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖ ነው። ግን እነዚህ መድኃኒቶች የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያደክማሉ። ካስታወከ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከወጣው፣ ሩጡ ወደ ሐኪም። ለውሻ የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ለምሳሌ ካርፕሮፌን አሜሪካ ውስጥ ለውሾች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እሱም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደቱ ልክ ነው የሚሰጠው። ዴክሳሜታዞን የተወጋ ውሻ ላይ ደርቦ መስጠት ደግሞ ጨጓራውን ሊበሳው ይችላል፤ ስለዚህ ከዚህ ቀደም የተወጋውን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።

ሐኪም ጋር መሄድ ያለበት ሌላም ምክንያት አለ። ያነከሰ ሁሉ ዳሌው አይደለም የታመመው። የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል፣ ክርን ሊታመም ይችላል፣ በትልልቅ ውሾች ደግሞ የአጥንት ካንሰርም አለ፤ እሱም በማነከስ ነው የሚጀምረው። ራጅ ሳይነሳ የሚለየው የለም።

ያነከሰው ዘበኛ ከከተማ ወጣ ተብሎ ከመኪና ይወርድና በምትኩ ቡችላ ይገዛል ሲባል እንሰማለን። መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቡችላ የሚገዛው ሰው የሚጠይቀው «አባቱ ምን ያህላል?» ነው፤ መዳፉን ይለካል፣ ትልቅ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ከ1966 ጀምሮ የወላጆችን ዳሌ በራጅ አይቶ የሚመዘግብ ተቋም አለ፣ የመጨረሻ ማረጋገጫም ውሻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። በየመንገዱ ዳር ሻጭ ይህን ይያዝ አንልም። ግን ገዢው «እናቱን አሳየኝ፣ ትንሽ ትራመድልኝ» ማለት አያቅተውም። ሻጩ አላሳይም ካለ፣ ወይም እናቲቱ ተነስታ ወገቧን እያወዛወዘች የኋላ እግሯን ከጎተተች፣ ብሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱት።