ነቅዞ ነበር

የዚህ ዓምድ ደንበኞች «ጥናት» ከሚለው ቃል ጋር የቆየ ጠብ እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ዘንድሮም አልታረቅንም። ሰኞ ማታ ዜና እያየሁ አንድ ኃላፊ ሊሠራ ስለታሰበ መዝናኛ ቦታ ተጠየቁ። «ጥናት ተጠንቶበታል» አሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። የሻይ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት በደህና አልነበረም መሰል፣ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ሪሞቱን ወሰደችብኝ።

ማን አጠናው? መቼ? ምን አገኘ? «ተጠንቶበታል» አድራጊው ጠፍቶ ድርጊቱ ብቻ የቀረ ግስ ነው። ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ እንዲህ ከሚነገርልን ጥናት አንዱ እንኳ «ጉዳት አገኘሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም ሄዶ ሄዶ ጥቅም ይዞ ይመለሳል። ሌባ ፍለጋ በወጣ ቁጥር ባዶ እጁን የሚመለስ ዘበኛ ቢኖረኝ፣ ውሎ አድሮ ዘበኛውን ራሱን መጠርጠሬ አይቀርም ነበር።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ደወለች። የምትኖረው ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ፣ ከዲዝኒላንድ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ርቃ ነው። ርችት በሚተኮስበት ማታ ትንሿ ልጇ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ነው የምትተኛው። ንዴቴን ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ አንተ ጥናቱ ጠፍቶብህ ነው የምትናደደው፤ እኔ ደግሞ ጥናቱን ሰጥተውኝ ነው የተናደድኩት» አለችና ፋይሉን ላከችልኝ። ስልኬ እሱን አውርዶ እስኪጨርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ። የሳምንቱ ንባቤ እሱ ሆነ።

ነገሩ የ2024 ነው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ)። ዲዝኒ አናሃይም ያለውን መዝናኛውን ማስፋት ፈለገ። በ1990ዎቹ ከተፈቀደለት የግንባታ መጠን በላይ አልጠየቀም። የጠየቀው የተፈቀደለትን ከቦታ ቦታ እንዲያዘዋውር፣ ዛሬ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ላይ መጫወቻውንም ሆቴሉንም ሱቁንም ቀላቅሎ እንዲሠራ ነው። በምላሹ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጣ፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ ቤት 30 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ቃል ገባ። ማጂክ ዌይ የሚባለውን የከተማ መንገድም ከጥቂት የመንገድ ቁራጮች ጋር በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ ተስማማ። የእህቴን ልጅ ያንገበገባት ይሄኛው ነው። ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርሰው በዚያ መንገድ ነበራ!

የላከችልኝ ፋይል የዚህ ማስፋፊያ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ነው፤ ለደስታ የሚነበብ ነገር አይደለም። አየሩ ይጠናል፣ ድምፁ ይጠናል፣ የመኪናው ብዛት፣ ውኃው፣ የማታው መብራት ሳይቀር ይጠናል። ነዋሪው የጻፈው አስተያየት ከተሰጠው መልስ ጋር አብሮ ይታተማል። ከንባቤ መሀል ግን ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋኝ አንድ ነገር ነበር።

እንዲህ ያለውን ጥናት የሚያዘው የካሊፎርኒያ ሕግ በ1970 የወጣ ነው። የፈረሙት ያኔ የክፍለ ግዛቷ ገዥ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ናቸው፤ በዛፍ ወዳድነት የሚታሙ ሰው አልነበሩም። ሕጉ ጉዳት ያለበትን ሥራ ሁሉ አይከለክልም። የሚለው እንዲህ ነው፦ ጉዳቱን ፈልጉ፣ ስታገኙት ጻፉት፣ የሚቀነሰውን ቀንሱ። ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይጠፋ ከባድ ጉዳት ከቀረ ፈቃድ ሰጪው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ይከለክላል፣ ወይ ደግሞ ጉዳቱን አውቆ የፈቀደበትን ምክንያት፣ ጥቅሙ የሚያመዝነው ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ያሰፍራል። ሦስተኛ በር የለም። «ጉዳት የለውም» ብሎ በጓሮ መውጣት አይቻልም። የአናሃይም ምክር ቤትም ያንን ጽሑፍ አጽድቆ ነው የፈቀደው። በኤፕሪል ስብሰባው እኩለ ሌሊትን አልፎ በሙሉ ድምፅ፣ በሜይ መጀመሪያ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ።

እዚህ ጋ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ መልሼ ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ ጽፈውም ፈርመውም ያው ፈቀዱት አይደል? መንገዴ ሄደ እኮ!» አለችኝ።

ልክ ናት። መንገዷ ሄዷል። ያም ሆኖ ማን እንደወሰደባት፣ በስንት እንደሸጠው፣ ምን ብሎ እንደፈረመ ታውቃለች። በሚቀጥለው ምርጫ ካርዷን ይዛ ስትሄድ ስሞቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። የተፈረመበት በደል ተከሳሽ አለው። «ተጠንቶበታል» የተባለ በደል ግን ማንን ይከሰሱበታል?

«ለድሃ አገር ይሄ ሁሉ ቅንጦት ነው» የሚል ወዳጅ አለኝ። ድሃ የተበላሸበትን የሚተካበት ገንዘብ ከየት ያመጣል ብዬ ስጠይቀው ርዕስ ይቀይራል። እኔም እቀይራለሁ።

ሕግ አጥተን ነው እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ዕቅድ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ይሄ የእኛ አቆጣጠር ነው) የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። የዛሬ ስንት ዓመት ሰፈራችን አጠገብ መዝናኛ ሊሠራ ነው ሲባል ይህን አዋጅ በብብቴ ሸጉጬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ጨዋ ነበረች፤ ወንበር ሳይቀር ሰጥታኛለች። «ጥናቱ አለ፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን መስክ ወጥቷል» አለችኝ። ከጀርባዋ ግራጫ የብረት ሎከር ቆሟል፤ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተሰካበት ብርጭቆ ተቀምጧል። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ሰውዬው ተገኘ፤ ቁልፉ ጠፋ። እኔም በበኩሌ ሎከሩን በደንብ አጥንቼዋለሁ፤ ስለ ሎከሩ ብትጠይቁኝ «ተጠንቶበታል» እላችኋለሁ።

የእህቴ ልጅ የላከችውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ከሁለት ዓመት በፊት ልጠይቃት ሄጄ ዲዝኒላንድ የገባሁበት ቀን ነው። ትንሿ ልጅ እጄን እየጎተተች አዞረችኝ፤ እኔ ደግሞ የገባሁት ዛፍ ለማየት ነበር። መናፈሻው በ1955 ከመከፈቱ በፊት ቦታው 65 ሄክታር ገደማ የብርቱካን እርሻ ነበር። ከብርቱካኖቹ መትረፍ ያለባቸው ተመርጠው ባለቀለም ምልክት ታስሮባቸው ነበር፤ ዶዘር ነጂው ቀለም የማይለይ ሆኖ አብሮ ጠረጋቸው ይባላል። ጨዋታ ይሁን እውነት እንጃ፣ ስለ ጥናት ከዚህ የተሻለ ተረት አልሰማሁም። ምልክት አሳሪው ሥራውን ሠርቷል፤ መሪውን የያዘው ግን ምልክቱ አልታየውም።

አንድ ዛፍ ግን አለ። በ1896 የተተከለ ዘንባባ ነው፤ ለሠርግ በስጦታ የተሰጠ። መሬቱን ለዲዝኒ የሸጠው የዶሚንጌዝ ቤተሰብ ይህ ዛፍ እንዲተርፍ ለመነ፤ ተረፈም። ዛሬም በጀልባ ጫካ ለጫካ ከሚኬድበት መጫወቻ አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ ሰው ይሰለፋል፣ አይስክሬሙን ይልሳል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። ያን ሁሉ ዶዘር ያለፈው ተጠንቶበት እንዳይመስላችሁ፤ የግምገማው ሕግ ራሱ ገና አልተወለደም ነበር። አንድ ሰው «ይሄ የቤታችን ነው» ስላለ ብቻ ነው።

የዚሁ ኩባንያ ሌላም ታሪክ አለ። ዲዝኒ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሚኔራል ኪንግ በሚባል የተራራ ሸለቆ፣ በ35 ሚሊዮን ዶላር በቀን 14,000 ሰው የሚያስተናግድ የበረዶ መንሸራተቻ ሊሠራ ነበር። ሲየራ ክለብ የሚባለው የተፈጥሮ ጠባቂዎች ማኅበር ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ማኅበሩ ተረታ፦ እናንተ ራሳችሁ ምን ተነካባችሁ ተባለ። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ግን ዛፉም ወንዙም ሸለቆውም በሚያውቋቸውና በሚወዷቸው ሰዎች አፍ በራሳቸው ስም መክሰስ መቻል አለባቸው ብለው ጻፉ። ያኔ የሳቀ አልጠፋም። ጉዳዩ እንደዚያ ሲጓተት መዝናኛው ሳይሠራ ቀረ፤ በ1978 ሸለቆው ወደ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ተጠቃለለ። በችሎት የተረታው ሸለቆ ኋላ አሸነፈ።

የዳኛው ሐሳብ ለአሜሪካኖች አዲስ ሆኖባቸው ይሆናል፤ ለእኔ ግን የአያቴ ነገር ነው። ጎንደር ወይ ጎጃም በመኪና የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እስከ ዓይን ጥግ የታረሰ ሜዳ ይታያል፣ ከመሀሉ ክብ ሆኖ ጥቁር አረንጓዴ ጫካ፣ ከጫካው መሀል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጽዱ ተቃቅፎ ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ተመንጥሮ ያ ለምን ተረፈ? የታቦቱ ነዋ! ዛፉ ባለቤት አለው። መጥረቢያ ይዞ የሚጠጋ ሰው ማንን እንደሚደፍር ያውቃል። ዳግላስ ይህን ቢያዩ ፍርዱን በአንድ ገጽ ይጨርሱት ነበር።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ዘግቼ ኃላፊውን አንድ ጊዜ ደግሜ ተሳድቤ ልሰናበታችሁ አስቤ ነበር። እጄ እንቢ አለኝ። ምክንያቱም ባለቤት ያለው ዛፍ ሲቆረጥ አይቻለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ኮክ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜም ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ፍሬው ትንንሽና ጎምዛዛ፣ ሆድ የሚያስነሳ፣ እኛም ሳይበስል የምንጨርሰው። እናቴ ከሰዓት ሲሆን በርጩማዋን ከሥሩ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ጥላው ሲዞር በርጩማዋም አብሮ ይዞራል። ከስምንት ዓመት በፊት መኪና ገዛሁ፤ በር ላይ ሳሳድረው ጎማ ሊፈቱብኝ ነው ብዬ ሰጋሁ፣ ግቢው ደግሞ ኮኩ እያለ አያስገባም። እናቴ ለሱባኤ ገዳም ስትሄድ ጠብቄ አንድ ልጅ ጠራሁና አስቆረጥኩት። ልጁ ግንዱን ከጣለ በኋላ ቁርጡን በእጁ ዳበስ አደረገው። ቢጫ፣ እርጥብ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለበት። «ጋሼ፣ ጤነኛ ነው እኮ» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ አሰናበትኩት።

እናቴ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ከምድር በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየች። «ነቅዞ ነበር» አልኳት። «ቤቱ ላይ ሊወድቅብሽ ነው አሉኝ።»

አሉኝ! ማን ነው ያለኝ? አድራጊው የጠፋበት ግስ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ቤት አለ። ሳምንት ሳላጓድል እዚህ ገጽ ላይ ኃላፊዎችን የምገርፍበት ጅራፍ የተገመደው ከዚያው ከኮኩ ልጥ ነው። እናቴ ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችም። አሁን ምስሯን የምትለቅመው በረንዳው ላይ ነው፤ መኪናው ግቢ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጥላው ሥር በርጩማዋን ታስጠጋለች።

ሐሙስ ማታ እንደ አናሃይም ምክር ቤት አባል የሚጻፈውን ጽፌ ደወልኩላት። ጉዳት እንዳለው አውቅ ነበር፤ ማስቀረት እችል ነበር፤ መኪናዬ ስላመዘነብኝ አደረግኩት። አልነቀዘም፣ ማንም ምንም አላለኝም አልኳት። ስልኩ ውስጥ የቴሌቪዥኗ ድምፅ ይሰማኛል። ቀነሰችው።

«ግንዱን ፈልጬ ለምድጃ ያነደድኩት እኔ አይደለሁ?» አለችኝ። «አንድ ክረምት ሙሉ ነደደ። ነቀዝ አላየሁበትም።»