የውጭ ግንኙነት ጥናትና የምንጭ ጥያቄ

የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ከሌሎች የትምህርት ዘርፎች የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ባሕርይ አለው። ይኸውም የሚጠናው ወገን ራሱ ሰነድ ጸሐፊ፣ ሰነድ ደባቂና ሰነድ አሳታሚ መሆኑ ነው። መንግሥታት የሚጽፉት ለጥቅማቸው ነው። በመሆኑም ተማሪው በእጁ የገባው ጽሑፍ ከየት እንደመነጨ ሳይመረምር ወደ ትንተና ቢጣደፍ፣ የሌላውን ጥቅም እንደ ሳይንስ አድርጎ ከማስተጋባት አይድንም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል እናስታውስ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል። የኢጣልያንኛው ቃል ግን ይህንኑ ፈቃድ ወደ ግዴታ የሚያዞር ነበር። ሮማ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. አንቀጹን በራሷ ትርጉም ለኃያላኑ መንግሥታት አስታወቀች፤ በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎችም ኢትዮጵያን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር አድርገው ያሳዩ ጀመር። በዚያን ጊዜ በለንደን ወይም በበርሊን ተቀምጦ ጉዳዩን ያጠና ሰው ምንጭ አልቸገረውም፤ ውሉም ካርታውም በፊቱ ነበር። የጎደለው የአማርኛው ቅጂ ብቻ ነው። አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው ግን በአድዋ ደም ከፈሰሰ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውል ነው።

እኛም በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን፣ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ እንደ እውነት ቆጥረን በማስታወሻችን እንገለብጥ እንደነበር አንሸሽግም። ከዚህ የዋህነት ያላቀቀን የስዊዝ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 1956 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና እስራኤል በፓሪስ አቅራቢያ በሴቭር ተሰብስበው ግብፅን የመውረር ሴራ በጽሑፍ ተፈራረሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢደን የብሪታንያን ቅጂ አስጠፉ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፓርላማ ፊት ቆመው እስራኤል ግብፅን እንደምታጠቃ አስቀድሞ የታወቀ ነገር አልነበረም አሉ። ይህ ንግግር በፓርላማው ቃለ ጉባኤ ታትሞ ይገኛል። የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው፤ ሐሰትም ነው። ሐሰትነቱን ያጋለጠው ቤን ጉሪዮን ያቆዩት የእስራኤል ቅጂ ነው።

ስለዚህ የሰነዱን ዕድሜና ማኅተም መመልከት አይበቃም። ማን ጻፈው? ለማን? ሲጽፍ ምን የሚደብቀው ነበረው? ተቃራኒው ወገን በዚያው ሳምንት ምን ጻፈ? የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር 102ኛ አንቀጽ አባል መንግሥታት ውሎቻቸውን በጽሕፈት ቤቱ እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል፤ ይህ ለአጥኚው ትልቅ በር ነው። ከቻርተሩ በፊት ለተፈረሙት ውሎች ግን በየመዝገብ ቤቱ አቧራ ማራገፍ ግድ ይላል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ በነበረው ረጅም ክርክር፣ የግብፅ ወገን ግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ የተዋዋሉትን ውል ደጋግሞ ይጠቅስ ነበር። የውሉ 3ኛ አንቀጽ የሚናገረው የውኃውን ፍሰት ስለሚያቆም ሥራ ነው። ማቆም ሌላ፣ መጠቀም ሌላ። ታዲያ ይህን አንቀጽ ሲጠቅሱ ከምንሰማቸው ምሁራኖቻችን መካከል የአማርኛውን ቃል በዓይናቸው ያዩት ስንቶቹ ይሆኑ? የሁለቱ ቋንቋዎች ቃል ጎን ለጎን ታትሞ በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መርማሪዎችም ተማሪው የትኛውን ቅጂ እንዳነበበ እንዲጠይቁ እንሻለን።