ከሾርባው ሥር ያለ ብይ

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ በቴሌቪዥን ያየችውን የዱቄት ሳሙና ገዝታ የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ዘፈዘፈችበት። በማስታወቂያው ላይ ወጥ የፈሰሰበት ሸሚዝ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእርሷ ግን ታሽቶም አልለቀቀ። «እኔ አላውቅበት ይሆናል» አለችኝ።

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሸሚዝ መግባቱን፣ ሸሚዝም መውጣቱን አየሽ እንጂ ያው ሸሚዝ መሆኑን አላየሽም።

ይህ ነገር ዱሮም የነበረ ነው። በአሜሪካ የካምቤል ኩባንያ የሾርባ ማስታወቂያ ሲቀረጽ ከሳህኑ ሥር የብርጭቆ ብይ ይደረግ ነበር። አትክልቱ መስመጫ ስለሚያጣ ከላይ ሆኖ ሾርባው የተትረፈረፈ ይመስላል። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ይህን አስቆመ። ከዚያ ቀደም በ1965 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮልጌት ኩባንያ የጢም መላጫ ክሬም ማስታወቂያ ላይ ፈርዶ ነበር። ክሬሙ ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ሲላጭ ታየ፤ የተላጨው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ ነበር። እውነተኛውን ለመላጨት 80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ያስፈልግ ነበር! ይህን ያህል የሚታገሥ ወንድ የት ይገኛል?

በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። አዋጁ ግን ዘንቢል ይዞ አብሮን ገበያ አይወጣም። ስለዚህ እናቶች፣ አዲስ ሳሙና ሲመጣ ትንሹን እሽግ ገዝታችሁ በአሮጌ ጨርቅ ሞክሩ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ። ጓደኛዬ ጥላዋለች።

ሸሚዙን በመጨረሻ በተራ የልብስ ሳሙና አሽታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለቀቀ።