ሐይቃችን መውጫ በር የለውም

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለመላው የሰፈሩ ነዋሪ፣ እንዲሁም ሐይቅ ገበያ ለምትውሉ የአምባሰል ወገኖቻችን፤

ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው የመዋጮ ስም ዝርዝር አይደለም። ስለ ሐይቃችን የምንለው ስላለን ቆም ብላችሁ እንድታነቡ፣ ማንበብ ለማይችለውም እንድታነቡለት በትሕትና እንጠይቃለን።

ነገሩ የተነሣው ከራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለውን ቦይ ስንጠርግ፣ የሌሊት ጥበቃዎቻችን የጨረሱት የባትሪ ድንጋይ ተከምሮ አገኘነው። ማን ጣለው ቢባል እኛው ነን። ቦዩ ወደ ፈፋው ይወርዳል፣ ፈፋውም ወደ ሐይቁ። ታዲያ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ይህን መናገር ግድ ሆነብን።

ሐይቃችን ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚበልጥ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ወጣቱ አሳ አስግሮ የሚያድርበት ነው። ነገር ግን ከአርዲቦ በኩል የሚመጣውንና ከየተራራው የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል እንጂ ከእሱ ፈሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፤ ብረት ግን አይተንም፣ በስብሶም አይጠፋም። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም የሚባሉት አንዴ ከገቡ ከደለሉ ጋር ይቀመጣሉ። በመሆኑም «ባሕሩ ትልቅ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው ወሬ ለእኛ ሐይቅ አይሠራም።

ከየት ይመጣል ለሚለን፣ ፋብሪካ መፈለግ አያሻም። የመኪና ባትሪ ሆዱ እርሳስ ነው። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር የተፋቀ ብረት ይዞ ይወጣል። ከውጫሌ ወደ ደሴ የሚያልፈው መኪና በውሃው ዳር ሲታጠብ ዘይቱም እድፉም እዚያው ይቀራል። የፎስፌት ማዳበሪያም በጥቂቱ ካድሚየም አለበት፤ ዝናብ ማሳውን ሲያጥበው አብሮ ይወርዳል።

በዳር የበቀለው ፊላና ቄጤማ ከዚህ ብዙውን በሥሩ ይይዛል። ስለዚህ ወንፊታችን ነው፤ እሱን ነቅሎ እርሻ ማድረግ ወንፊቱን መቅደድ ነው። ይሁን እንጂ የያዘውም አይጠፋም። ተክሉ ሲበሰብስ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ከብት ቢበላው ወደ ከብቱ ይገባል። ይህ ተረት አይደለም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ እየጠጣ በሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ላይ እነዚሁ ብረቶች መገኘታቸው በጥናት የታወቀ ነው። በሐዋሳ ሐይቅም ሌላ አሳ እየበላ በሚያድገው ትልቅ አሳ ላይ ከቆሮሶ የበዛ ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ትንሹ የያዘውን ትልቁ እየዋጠ ያጠራቅማል። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ሜርኩሪ በአሳ በኩል ሰው ውስጥ ገብቶ ስንቱን እንዳሽመደመደ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታውቋል። እኛ ሐይቃችን እዚያ ደርሷል አላልንም። ሳይደርስ እንንቃ ነው የምንለው።

መኪና አጣቢ ልጆቻችን «እንጀራችንን ልትዘጉ ነው ወይ» ብለውናል። እውነታቸውን ነው፤ ልጆቹም የእኛው ናቸው። የማኅበራችን አሳብ እነሱን ማባረር አይደለም። ማጠቢያው ከውሃው ዳር ተነሥቶ ወደ ከተማው ይምጣ፣ ዘይት የሚያስቀር ጉድጓድ ይበጅለት፤ ለዚህም ባለመኪናው ለአንድ እጥበት ጥቂት ጨምሮ ቢከፍል አይጎዳም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦

1ኛ/ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሁሉ በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ባኖርነው በርሜል ይጣል፤

2ኛ/ ጋራዦች የተቃጠለ ዘይትና አሮጌ ባትሪ ወደ ፈፋ አይጣሉ፤

3ኛ/ በፈፋ አፍ ላይ የበቀለውን ፊላ ማንም አይንቀል፤ ለከብት የሚታጨደውም ከፈፋው አፍ ራቅ ካለ ቦታ ይሁን፤

4ኛ/ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውሃውን፣ ደለሉን፣ ተክሉንና አሳውን በየዓመቱ አስመርምሮ ውጤቱን በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን።

ከዚህ በኋላ ዐውቆ የሚደፋ ቢኖር ማኅበሩ ዝም አይልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው «አንተን ምን አገባህ» ሳይባል በበካዩ ላይ አቤት እንዲል መብት ሰጥቶታል።

ቅሬያችን ለሞተ ሰው ይደርሳል። ለሐይቁ ግን ከሞተ በኋላ ብንደርስለት አይጠቅመውም። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ በዚህ ጉዳይ ስለምንነጋገር ማንም እንዳይቀር እናሳስባለን።

የሰፈሩ ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ሐይቅ