የቱርቦው ነው ወይስ የቁልቁለቱ?

እኔ ሰሞኑን በ28 ዓመቴ ሽማግሌ ሆኜላችሁ ነበር። ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ የሚቀመጥ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ! የእኔ ሽምግልና በሰከንድ፣ ያውም በሰከንድ አሥረኛ የሚለካ ነበር። ነገሩ የፍቅርም፣ የገንዘብም፣ የመኪናም ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙ ይቅር፤ ራሱን ያውቃል። እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል የሆነች ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ አለችው። ይህቺ ዘር በጃፓን መጀመሪያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ያኔ ሞተሯ 2 ሊትር ብቻ ሆኖ 240 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ትንሹን ሞተር እንዲህ የሚያስጋልበው ቱርቦ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። ቱርቦ ማለት የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው ትንሽ ማራገቢያ ነው፤ በሌላው ጫፉ አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ‹‹ፍጥነት ልጨምርልህ›› የሚል መካኒክ ብዙውን ጊዜ የሚነካው የሞተሩን ኮምፒዩተር ነው። ‹‹ከበፊቱ የበለጠ ጠቅጥቅ›› ብሎ ያዘዋል።

ጓደኛዬ እጮኛም አለችው። ሁለቱ ለቤት ዕቃ ብለው በጋራ ዕቁብ ይጥላሉ። ታዲያ ዕቁቡ የወጣላቸው ሰሞን ግማሹ ብር ወደ አልጋና ቁም ሳጥን መሄዱ ቀርቶ ወደ ሱባሩዋ ኮምፒዩተር ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ‹‹ሌላ ማስገባት ካልተቻለ ያለችኝን ላሳምራት!›› ይል ነበር። አሳመራታ! እጮኛው ሰማችና ለእኔ ደወለች።

‹‹አንተ አብረኸው ነበርክ አሉ። እንዳትዋሸኝ። ብሩ የት ገባ?››

እሱን ጠየቅኩት። ‹‹0.7 ሰከንድ ውስጥ ገባ!›› አለኝ ደረቱን ነፍቶ። ‹‹ራስህ አይደለህ እንዴ የለካኸው?››

እውነቱን ነው፤ የለካሁት እኔ ነኝ። ጉዱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

መካኒኩ ጋ ከመሄዱ በፊት ባለው እሁድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አዲስ አስፋልት ሄድን። ጎኑ ተቀምጬ የስልኬን ሰዓት ያዝኩ። በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረገጠው። የፍጥነት ቆጣሪው 60 ሲል ጀመርኩ፤ 100 ሲል አቆምኩ። 4.3 ሰከንድ። በሳምንቱ፣ ኮምፒዩተሩ ከተነካ በኋላ፣ በዚያው መንገድ ወደ ከተማ ስንመለስ ለካን። 3.6! መኪናው ውስጥ እንደ ሕፃን ጮኽን።

ጩኸታችን ሳያልቅ ጄሪካን የተሸከመ ልጅ ከመንገዱ ዳር ብቅ አለ። ጓደኛዬ ፍሬን ላይ ቆመ። ቀበቶው ደረቴን ቆረጠኝ። መኪናዋ የቆመችው ልጁ ጥሎት ከሮጠው ጄሪካን ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ነው። ውኃው አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ቁጭ ብለን አየን። ልጁ ተመለሰና ባዶውን ጄሪካን አነሳ፤ አየን፤ ሄደ። አልተሳደበም። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ነው። ሾፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት 28 ሜትሩ ሄደ ማለት ነው። በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ ለመቆም ደግሞ ወደ 50 ሜትር ይጨመርበታል። በ60 ብንሆን ኖሮ ጠቅላላው ወደ 35 ሜትር ብቻ ነበር። ልዩነቱ የአንድ ልጅ ሕይወት ነው።

ይህንን ለእጮኛው አልነገርናትም። ስለዚህ ‹‹እንዳትዋሸኝ›› ስትለኝ ክው አልኩ። የሰከንዱን ብቻ ነገርኳት። እሷ ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪ ናት፤ ቁጥር አይሸወድባትም። ትንሽ ዝም አለችና፣

‹‹ያን መንገድ አውቀዋለሁ፤ የአክስቴ ቤት እዚያ ነው። ስትሄዱ ዳገት፣ ስትመለሱ ቁልቁለት አይደለም እንዴ?›› አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ! ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ ይነሳል እንበል። በዓይን ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። በእውነተኛ ሜዳ ላይ ከ60 እስከ 100 በ4 ሰከንድ የምትደርስ መኪና ያንን ዳገት ስትወጣ 4.3 ይፈጅባታል፤ ስትወርደው 3.7። ማንም ምንም ሳይነካት 0.6 ሰከንድ ገደማ! ዕቁቡን የበላው ቱርቦው ይሁን ቁልቁለቱ በምን ይታወቃል?

የእኔም ጣት አለ። ሰው አይቶ እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ቆጣሪውም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከፍ አድርጎ ቢያሳይ ግን የፍጥነቱን 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ስለዚህ በእውነት 100 ስትሄድ 114 ቢያሳይህም ሕግ አልጣሰም። ጎማ ቀይረህ ከሆነ ደግሞ ንባቡ እንደገና ይለወጣል።

እጮኛው ፈረደች፤ ‹‹እንደገና ይለካ፤ እኔ ባለሁበት።››

አንድ ዘመዱ በሚሠራበት ድርጅት ግቢ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን አስፋልት አለ። ባለቤቶቹን አስፈቀድን፤ ጥበቃው በሩን ዘጋልን። መካኒኩም ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ በሥራው የሚተማመን ሰው ነው። የድሮውን ፕሮግራም አስቀምጦት ስለነበር በዚያው ቀን፣ በዚያው ጎማ፣ በዚያው ቤንዚን ድሮና ዘንድሮን ማወዳደር ተቻለ። ከአንድ የመኪና ወዳጅም ክብሪት ሳጥን የምታክል የጂ ፒ ኤስ መለኪያ ተዋስን። ብዙ ስልኮች ፍጥነትን በሰከንድ አንዴ ብቻ ያነባሉ፤ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሱባሩዋ 10 ኪሎ ሜትር ጨምራለች። መለኪያዋ ግን በሰከንድ 10 ጊዜ ታነባለች።

በእያንዳንዱ ፕሮግራም 3 ጊዜ ወደ ላይ፣ 3 ጊዜ ወደ ታች፤ ጠቅላላ 12 ጊዜ ሮጠች። ሁልጊዜ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሁልጊዜ ከ60 በፊት ተረግጦ። ቱርቦ እስኪሽከረከር ጥቂት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ 60 ላይ ከተረገጠ የሚለካው ጉልበቱ ሳይሆን ስንፍናው ነው። በየመሀሉ 5 ደቂቃ አሳረፍናት። ቱርቦ የጠቀጠቀው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል። ሳታርፍ የምትሮጥ መኪና በሦስተኛው ዙር በመጀመሪያው የነበራትን ጉልበት አታገኝም።

እጮኛው ቁጥሩን በደብተር ጻፈች፤ አማካዩንም ራሷ አወጣች። የድሮው ፕሮግራም 4.0 ሰከንድ። አዲሱ 3.8።

0.7 የተባለው 0.2 ሆነ! በእኔ ጣት ልኬት ቢሆን ጉልበቷ 20 በመቶ ያህል ጨምሯል ያሰኛል። በእውነተኛው ልኬት 5 በመቶ ብቻ ነው። የቀረውን የሰጠው ቁልቁለቱ ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ በነፃ ነው።

መካኒኩ ሌባ አይደለም። ‹‹ፕሮግራሙን ያገኘሁት ከውጭ ነው፤ እዚህ እንደዚያ ብጠቀጥቃት ቱርቦዋ አትችልም፤ ቀንሼላታለሁ›› አለን። ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን ይሞላል፤ ግን ዋጋ አለው። ባሕር ዳር አየሩን 2 እጥፍ አድርጎ ይጠቀጥቅ የነበረ ቱርቦ፣ እዚህ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከ2.6 እጥፍ በላይ መጠቅጠቅ አለበት። ከልክ በላይ ይሽከረከራል፤ አየሩ ይግላል፤ ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ የሌላ አገር ሰው ‹‹40 ፈረስ አገኘሁ›› ቢላችሁ የሱ ፈረስ እዚህ ዳገት ላይ ሊያነክስ ይችላል።

አሁን ወደ ምክሬ ልምጣ። አንደኛ፣ ከመካኒኩ በፊት ለኩ፤ ‹‹በፊት›› የሌለው ‹‹በኋላ›› ወሬ ነው። ሁለተኛ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩና አማካዩን ያዙ። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የወጣውን ምርጥ ቁጥር አትጥቀሱ፤ ደጋግሙት። አራተኛ፣ የሞተሩን ለውጥ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከ0 እስከ 100 የሚለውን ተዉት፤ እሱ የፍሪሲዮን እግርና የጎማ መያዝ ፈተና ነው። የአሜሪካ የመኪና መጽሔቶችማ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዋን 30 ሳንቲ ሜትር ሳይቆጥሩ ነው ሰዓት የሚጀምሩት፤ እሷ ብቻ ከ0.2 እስከ 0.3 ሰከንድ ታተርፋለች። የነሱን ቁጥር ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ። አምስተኛውና ዋናው፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ በፍጹም አትለኩ። የተዘጋና የተፈቀደ ቦታ ካላገኛችሁ ሳታውቁት ይቅር። 0.2 ሰከንድ ባለማወቅ የሞተ ሰው የለም።

ሽምግልናው እንዴት አለቀ ትሉኝ ይሆናል። ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ የልጁንና የጄሪካኑን ነገር ራሱ ነገራት። እኔም ሰዓቱን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ ጨመርኩ። ጮኻ ትሰድበናለች ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብላ፣

‹‹ዕቁቡን ሠርተህ ትመልሳለህ። ጄሪካኑስ?›› አለችው።

በቀጣዩ እሁድ ሦስታችንም አዲስ ጄሪካን ይዘን አክስቷ ሰፈር ሄድን። የሄድነው በታክሲ ነው። ከሰዓት በኋላ ድረስ ብንጠይቅም ልጁን አላገኘነውም። ጄሪካኑን አክስቷ ቤት ትተነው መጣን፤ ምናልባት ሲያልፍ ካዩት። እስካሁን አልደወሉልንም።

በሉ ቸር ሰንብቱ። ሳምንት እንገናኝ።